ስለ አንድ የፈረንሳይ ሲኒማ መጨረሻና «በድንገት» ስለሚባለው ቃል



በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ ቃልን ይፈራል። በአንደበት የተነገረውን ነፋስ ሊወስደው ይችላል፤ በመዝገብ የገባው ቃል ግን ተናጋሪው ከሞተ በኋላ እንኳ ቆሞ ይኖራል። እኛም እዚህ በዲጋ ሆነን ስንጽፋቸው ከኖርናቸው ቃላት ሁሉ «በድንገት» እንደሚለው ቃል እጃችንን የሚያስቈመው የለም። ይህ ቃል እውነት ሲሆን ንጹሑን ሰው ከእስራት ያወጣል፤ ሐሰት ሲሆን ግን የሞተውን ሰው ዳግመኛ ይገድለዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለዚህ ቃል ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ የቈየ ሲኒማ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ አንድ ወዳጃችን መሽቶበት ከቤታችን አደረ። ከራት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ፥ በያዘው ኮምፒዩተር «የጨዋታው ሕግ» የሚባለውን የፈረንሳይ ፊልም አሳየን። ይህን ፊልም ያዘጋጀው ዣን ሬኑዋር ነው፤ እርሱም የታላቁ ሠዓሊ የኦጉስት ሬኑዋር ልጅ ነው። በፓሪስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሰኔ 30 ቀን 1931 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ነበር። ፈረንሳይ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነሐሴ 28 ቀን ነውና፥ ፊልሙ የጦርነቱን ዋዜማ ፈረንሳይ የሚያሳይ መስተዋት ሆኖ ቀርቷል። ያን ሌሊት እኛና ባለቤታችን ከእንግዳችን ጋራ ብዙ ሳቅን። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ሳቃችን ባፋችን ቀረ። ፊልሙ ባለቀ ጊዜ ባለቤታችን፥ «ታዲያ አሁን ለሟቹ ማን ያለቅስለታል?» ብላ ጠየቀች። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድሬ ዡርዩ የሚባል አውሮፕላን ነጂ ታላቁን ውቅያኖስ ብቻውን ተሻግሮ በፓሪስ አጠገብ ያርፋል። ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበለው እርሱ ግን የሚወዳት ሴት ስላልመጣች በራዲዮ ፊት ኀዘኑን ይናገራል። ያችም ክሪስቲን የምትባል የኦስትሪያ ተወላጅ ናት፤ ባሏ ሮበር ደ ላ ሼኔ ማርኪ የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ያለው ባለጸጋ ነው። ኦክታቭ የሚባል የሁሉም ወዳጅ የሆነ ሰው መካከል ገብቶ ዡርዩ በማርኪው የገጠር ግቢ ለአደን እንዲጋበዝ ያደርጋል። ይህን ኦክታቭን ሆኖ የሚጫወተው አዘጋጁ ሬኑዋር ራሱ ነው።

በግቢው ውስጥ የጌቶቹ ነገር በአሽከሮቹ ዘንድ ይደገማል። ሹማኬር የሚባለው የደን ጠባቂ ሊዜት የምትባል ሚስት አለችው፤ እርሷም የእመቤቲቱ ደንገጡር ናት። ማርሶ የሚባለው ጥንቸል በስውር የሚያጠምድ ሰው ደግሞ በማርኪው ቸርነት አሽከር ሆኖ ይቀጠርና ሊዜትን መከተል ይጀምራል። በግብዣው ሌሊት እንግዶቹ የአፅም ልብስ ለብሰው የሞት ጭፈራ በሚጫወቱበት ሰዓት ሹማኬር ሽጉጥ ይዞ ማርሶን በየክፍሉ ያሳድደዋል። ከእንግዶቹም አንዳንዶቹ ተኩሱን ከጨዋታው አንዱ ክፍል አድርገው ይስቃሉ። በመጨረሻ ማርኪው ሁለቱንም ከሥራ ያሰናብታቸዋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስን። እመቤት ክሪስቲን በሌሊቱ ብርድ የሊዜትን ባለ ቆብ ካባ ደርባ ከኦክታቭ ጋራ ወደ አትክልቱ የመስተዋት ቤት ትገባለች። ሁለቱም አብረው ለመኰብለል ይስማማሉ። ኦክታቭ ካፖርቱን ሊያመጣ ወደ ቤት ሲመለስ ግን ሊዜት ትገሥጸዋለች። እርሱም ልቡ ይወድቅና ካፖርቱን ለዡርዩ ሰጥቶ በራሱ ፈንታ ይልከዋል። በጨለማው ውስጥ ሹማኬርና ማርሶ ታርቀው፥ አብረው አልቅሰው፥ አድፍጠው ይመለከታሉ። ሹማኬር ካባውን አይቶ ሚስቱ ሊዜት፥ ሰውየውም ኦክታቭ መሰለው። ወደ መስተዋት ቤቱ የሚሮጠውን ሰው ተኵሶ ገደለው። ማርሶም ኋላ ሲናገር፥ ሟቹ እንደ ታደነ አውሬ ተንከባለለ ይላል። ተመልካቹ ቀደም ሲል በአደኑ ሜዳ ላይ ጥንቸሎቹ ሲወድቁ አይቷልና ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል።

ከዚህ በኋላ ማርኪው በደጁ ደረጃ ላይ ቆሞ ከእንቅልፋቸው ለተነሡት እንግዶች ንግግር ያደርጋል። ጠባቂዬ ሹማኬር ጥንቸል ሌባ ያየ መስሎት፥ መብቱም ነውና፥ ተኰሰ፤ ዕድል ሆኖ ወዳጃችን ዡርዩ የስሕተቱ ሰለባ ሆነ ይላቸዋል። እንግዶቹንም ብርድ እንዳያገኛቸው ወደ ቤት እንዲገቡ ይለምናቸዋል። ከእንግዶቹ አንዱ ይህማ ለድንገተኛ አደጋ አዲስ ትርጕም ነው ብሎ ሲያሾፍ፥ አንድ ሽማግሌ ጄኔራል ይቈጣዋል፤ ላ ሼኔ ጨዋ ሰው ነው፥ እንዲህ ያለው ዘር እየጠፋ ነው ይለዋል። ከዚያ በኋላ ጥላቸው በግድግዳው ላይ እያለፈ ሁሉም ይገባሉ። ፊልሙም አለቀ።

እንግዲህ እኛ በሞያችን የለመድነውን ሚዛን አንሥተን የማርኪውን ንግግር እንመዝነው። በነፍስ መግደል ነገር ዳኛ የሚመረምረው ማን ገደለ፥ ማን ሞተ፥ ገዳዩ በልቡ ምን ነበረ የሚለውን ነው። ማርኪው ጥይቱን አልካደም፤ ሬሳውንም አልደበቀም። የገዳዩን ስም እንኳ በግልጥ ተናገረ። የለወጠው በገዳዩ ልብ ውስጥ የነበረውን አሳብ ብቻ ነው። ሹማኬር ሌባ ሊያባርር አልተኰሰም፤ ሰው ሊገድል አስቦ፥ ሌላ ሰው ገደለ። ደግሞም ማርኪው «ጠባቂዬ» ያለው ሰው ከጥቂት ሰዓት በፊት ከሥራ ያሰናበተውን ሰው ነበር። መብት ነበረው ለማለት መጀመሪያ ሹመቱን መመለስ ነበረበት። አዋቂ ሰው ሲዋሽ ብዙውን እውነት ይተውና አንዲቱን ቃል ብቻ ይለውጣል፤ ስለዚህም ውሸቱ ከእውነት ጋራ በአንድ ቀንበር ተጠምዶ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ማርኪው ክፉ ሰው አይደለም። የፊልሙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ጥንቸል እንዲበዛም አጥር እንዲታጠርም የማይወድ፥ ለስላሳ፥ ደግ ሰው ነው። ውሸቱም ለሚስቱ ስም፥ ለአሽከሩ ነፍስ፥ ለእንግዶቹም ሰላም ያሰበ ውሸት ነው። ኦክታቭ በፊልሙ መካከል የዚህ ዓለም አስፈሪ ነገር ሰው ሁሉ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው ይላል። በዚያ ሌሊት ምክንያት የሌለው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን ሊናገር ያልቻለ ግን አንድ ነበር፥ እርሱም ሟቹ ነው። ስለ እርሱ ያለቀሰች አንዲት ልጃገረድ ብትገኝ እንኳ፥ ሰዎች ያዩሻል ተብላ ዕንባዋን እንድትውጥ ሆነች።

የፓሪስ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ተቈጡ፤ በሲኒማው አዳራሽ ጮኹ፥ አፏጩ። አዘጋጁም ሕዝቡ ያልወደደውን ክፍል እየቈረጠ አሳጠረው። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት የሕዝብን ልብ ያደክማል ብሎ ከለከለው። ዋናው ቅጅ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ጠፋ። በፈረንጆች 1959፥ ማለት ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ሁለት ትጉሃን ሰዎች ቍርጥራጩን ከየስፍራው ሰብስበው በሬኑዋር ፈቃድ አንድ ሰዓት ከ46 ደቂቃ የሚፈጅ አድርገው መለሱት። ዛሬ በዓለም ከሚደነቁት ፊልሞች ከፊተኞቹ ይቈጠራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው በፊልምም ይሠራል።

በዚህ ላይ ፈረንሳዮችን ብቻ ልንነቅፍ አንችልም። በአገራችንም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በአውሬዎች ምሳሌ ጽፈው በመኳንንቱ ፊት ባሳዩ ጊዜ፥ ነገሩ ታላላቆቹን ስለ ነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክሏል። ሰው በመስተዋት ፊቱን ሲያይ እድፉን ከማጠብ መስተዋቱን መስበር ይቀለዋል።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የኦሪት ሕግ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽና ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ እንዳይወጣ ያዝዛል፤ ይህም በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 የተጻፈ ነው። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ቢገኝም፥ በዘዳግም ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው፥ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም ብለው ይምላሉ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ያቈየው ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው አሳብ አንድ ነው፤ ታስቦም ሆነ ሳይታሰብ የፈሰሰ ደም ባለቤት ያስፈልገዋል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ነፍስ ያጠፋውን ይቀጣል፤ አንዱን ሊገድል አስቦ በስሕተት ሌላውን የገደለውንም የሟቹ ማንነት መሳሳት ከፍርድ አያድነውም። ሹማኬር በእኛ አገር ቢሆን በማርኪው ንግግር ብቻ ወደ አልጋው አይመለስም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን በወለጋና በመላው የኦሮሞ አገር የኖረው የጉማ ሥርዓት ለዚህ ነገር መልስ አለው። ጉማ የደም ካሳ ነው። አፈጻጸሙ በየአገሩ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። ሰው የገደለ ወገን በአገር ሽማግሌዎች፥ በኦሮምኛ ጃርሳ ቢያ በሚባሉት ፊት፥ ነገሩን አምኖ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ታስቦ ነው ወይስ ሳይታሰብ የሚለውን ይመረምራሉ፤ ካሳውም እንደ ነገሩ ይቈረጣል። ካሳው ተከፍሎ የዕርቁ ሥርዓት ከተፈጸመ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። በአንዳንድ አገርም ገዳዩ ሰንሰለት ታስሮ በየገበያው እየዞረ የጉማውን ገንዘብ ይለምን ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሰውና ያን ማርኪ አስተያይ። አንዱ በደረጃ ላይ ቆሞ ደሙን በአንድ ቃል ሸፈነው፤ ሁለተኛው ግን በገበያ መካከል ደሙን በአንገቱ ተሸክሞ ዞረ። ጉማ ያለ ነውር ነው አንልም፤ ድኻውን ዘመድ ሁሉ ዕዳ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ከመንግሥት ፍርድም አያድንም። ቢሆንም ሟቹን አይረሳውም። የዕርቁ መጀመሪያ እውነቱን መናገር ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ያዘጋጁት የአገራችን ፊልም «ጉማ» ተብሎ የተጠራው በዚሁ ሥርዓት ስም ነው፤ ዛሬም የኢትዮጵያ ፊልሞች የሚሸለሙበት ሽልማት ይህን ስም ይዟል።

ነገር ግን ሥርዓቱ መልካም ነው ብለን በኩራት አንቀመጥ። በየቤታችን ስንት ማርኪ አለ! የቤቱን ገመና የሸፈነውን ሰው «ጨዋ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ጄኔራሉም ያመሰገነው በዚሁ ቃል ነው። ይሉኝታ የእኛ የጨዋታ ሕግ ነው።

እኛ ልጅ ሳለን በአባታችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። በቆሎው በሚያሽትበት ወራት አንድ ተቀጣሪ ልጅ በማማ ላይ አድሮ ከርከሮ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሌሊት በጨለማ ውስጥ ጥቍር ነገር አይቶ ጦሩን ወረወረ። ሲነጋጋ ወርዶ ቢያይ የጐረቤታችን እርጉዝ ላም ሆና አገኛት። ልጁ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ነገረን። አባታችን በአገሩ የተከበረ፥ ስሙን የሚፈራ ሰው ነበር። ጥቂት አሰበና፥ «ሌባ ሊነዳት መጥቶ ወግቷት ሄደ እንበል፤ አንተም ደመወዝህን ይዘህ ሳይነጋ ወደ አገርህ ሂድ» አለው። ለልጁም አዝኖ ነው ያለው። እኛም በምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ይህን ሰማን፤ የአባታችንም ብልሃት አስደነቀን።

አያታችን ግን ከመኝታዋ ተነሥታ፥ «ልጄ፥ ላሚቱ የሞተችው ባንድ ሌሊት ነው፤ ውሸቱ ግን ከዚህ ቤት ጋራ ያረጃል። ይህም ሕፃን ሰምቶሃል» አለችው። ይህን ስትል በእጇ ወደ እኛ አመለከተች። አባታችን ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ጋቢውን ተከናነበ፥ አንድ ሽማግሌ ቀሰቀሰ፥ እርጥብ ሣርም በእጁ ይዞ፥ ልጁን አስከትሎ ወደ ጐረቤቱ ደጅ ሄደ። ጐረቤታችን መጀመሪያ ጮኸ፤ ስለ ላሚቱም እንደ ሰው አለቀሰ። በኋላ ግን፥ «የጦሩን ቀዳዳ አይቼ ማን እንደ ወጋት ገምቼ ነበር። ደጄን ባትመታ ኖሮ ጐረቤትነታችን ዛሬ ይቀበር ነበር» አለ። አንዲት ጊደር ተሰጠችው። ተቀጣሪውም ልጅ አልተባረረም፤ ማማው ላይ ብዙ ወራት አደረ። አባታችን ከሞተ በኋላ የዚያ ጐረቤት ልጆች ሬሳውን ተሸክመዋል።

ያን ሌሊት አያታችን ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ ምን ዓይነት ጸሐፊ እንሆን ነበር? ይህን እያሰብን እናዝናለን፥ እንፈራለንም። ምክንያቱም በዚህ ሥራችን እጅግ የተከበረ ሰው ቀርቦ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ልጅቱ ከደረጃ ወድቃ ነው፤ ድንገት ነው» ሲል ሰምተናል። ልጅቱ ራሷ ደግሞ ከኋላው ቆማ መሬት መሬት ስታይ አይተናል። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፥ የሚያውቃት ዘመድ በከተማው የሌላት ልጅ ነበረች። መዝገባችን የተባለውን ይጽፋል፤ ያልተባለውን ሊጽፍ አይችልም። በዚያ ቀን የጻፍነው «በድንገት» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በዓይናችን ላይ አለ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆናችሁ ሁሉ፥ ገመናን ከደም ለዩ ብለን እንመክራችኋለን። ገመና የራስህ ነው፤ ድኽነትህን፥ ከሚስትህ ጋራ የተለዋወጥከውን ክፉ ቃል፥ የልጅህን ስንፍና ብትሸፍን ጨዋነት ነው። በሌላ ሰው አካል፥ በሌላ ሰው ከብት፥ በሌላ ሰው ስም ላይ የደረሰው ጥፋት ግን የአንተ ገመና አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ነውና ልትሸፍነው ሥልጣን የለህም። ልጅህ የጐረቤትን ዕቃ ቢሰብር በሠራተኛዪቱ አታሳብብ፤ ልጁን ይዘህ ሂድና ራሱ ይናገር። አሽከርህ ቢያጠፋ በሌሊት አታሸሸው፤ አብረኸው ቁም። ሠራተኛህ በቤትህ ብትጐዳ ዳኛው ሳይጠይቅህ አንተ ቀድመህ ዘመዶቿን ጥራ። ነገሩ በእውነት ድንገተኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ እውነቱ ራሱ ይመሰክርልሃል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን ለዳኛ ብቻ አልተናገሩም፤ ለእያንዳንዱ ቤት ነው እንጂ።

በማግስቱ ወዳጃችን መንገዱን ሲቀጥል፥ ሌሊት ተኝተዋል ያልናቸው ልጆቻችን በበሩ ቀዳዳ ሲያዩ እንዳደሩ ታወቀ። ታናሹ መጥቶ፥ «አባባ፥ ያ ሰውዬ ለምን ዋሸ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም አጠገባችን አስቀመጥነውና፥ ስለ አያታችን፥ ስለ ላሚቱና ስለ ማማው ነገርነው።